ጸሎት ካቆምኩ ሦስት ወር ሆነኝ ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ማታ አይቼው ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። «ድሮ ጠዋት ማታ እጸልይ ነበር። ሥራ ከቀየርኩ ወዲህ ተውኩት፣ ሦስት ወር አለፈ። ልጀምር ስል ሐሳቤ ይበተናል፣ ውስጤ ባዶ ነው። እንዴት ልመለስ?» ነው ያልሽው። «በርቺ» ያሉሽ ብዙ ናቸው፣ መልካም ነው። ግን በርቺ የተባለ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ምን እንደሚያደርግ የነገረሽ የለም። እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

እኔ ያቆምኩት ለሦስት ወር አይደለም። ለአንድ ዓመት ከሁለት ወር ነው።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቤቴ ኮዬ ፈጬ፣ ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። አንድ ዓቢይ ጾም ላይ እሳት ሆኜ ተነሣሁ። ማንንም ሳላማክር ሰባቱንም የጸሎት ሰዓት እጠብቃለሁ አልኩ። መዝሙረ ዳዊቱን በየዕለቱ ድርሻ፣ የእመቤታችንን ምስጋና ውዳሴ ማርያሙን ከነመልክአው፣ እግዚኦታውን (አቤቱ ማረን የሚለውን) 41 ጊዜ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እየተነሣሁ 16 ቀን ሄድኩበት። ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽሽም። በ17ኛው ቀን ትንሹ ልጄ ሲያተኩሰው አደረና ሳልጸልይ ነጋ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ያመለጠኝን በማግሥቱ ደርቤ ላካክስ ብዬ ተነሣሁ። አላለቀልኝም፣ ስለዚህ ለሚቀጥለው ቀን ዞረ። ልክ ቢሮ ያልተዘጋ ሒሳብ ወደሚቀጥለው ወር እንደሚዞረው ማለት ነው። በሳምንቱ ዕዳው ተቆልሎ ዳዊቱን ማየት አስጠላኝ። አበዳሪውን መንገድ ላይ አይቶ ቅያስ እንደሚገባ ሰው መጽሐፉ ያለበትን ክፍል መሸሽ ጀመርኩ። ሳቅሽ? እውነቴን ነው፣ መደርደሪያው ላይ ልብስ ጣል አደረግኩበት።

በኋላ ለነፍስ አባቴ ስነግራቸው ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። «የትናንቱን አዙሪ ያለሽ ማነው?» አሉኝ። ከዚያ የሰጡኝ ነገር በጣም ትንሽ ስለነበረ፣ እውነት ለመናገር፣ የናቁኝ ነው የመሰለኝ። ጠዋትና ማታ ወደ ምሥራቅ ዞረሽ አማትቢ፣ ሦስት ጊዜ ስገጂ፣ አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብለሽ በይ፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ 12 ጊዜ፣ በቃ። አምስት ደቂቃ አይሞላም። ለ40 ቀን አንድም ነገር እንዳልጨምር ደግሞ ከለከሉኝ። ካመለጠኝ አመለጠኝ፣ አይዞርም። «ሲሞቅሽ አትጨምሪ፣ ሲቀዘቅዝሽ አትቀንሺ» አሉኝ።

የማይጨመር ነገር እንዲህ ከባድ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ልቤ ሞቆ ዳዊት ልዘርጋ አልኩ፣ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ እየራበኝ መነሣት ጀመርኩ። ድሮ ከጸሎት ስነሣ ጠግቤ፣ አንዳንዴም ደክሞኝ ነበር። አሁን ማታውን እየጠበቅኩት መዋል ጀመርኩ። ይህን ልምድ የሌለው ሰው ሲሰማው ቀልድ ይመስለዋል።

እና ያንቺ ጥያቄ «ስንት ልጸልይ» ከሆነ መልሴ፣ በጣም በደከመሽ ቀን የምትችይውን ያህል ነው። ደህና በሆንሽ ቀን የምትችይውን ያህል አይደለም። አዲስ ሥራ ላይ ነሽ፣ መጀመሪያ መጠኑን ከነፍስ አባትሽ ጋር ወስኚ። የነፍስ አባት ከሌለሽ ከጸሎቱ ጎን ለጎን እሱን ፈልጊ። ለራሳችን ስንወስን ወይ ጀግና ወይ ሰነፍ እንሆናለን፣ መሐሉን አናገኘውም። ስግደቱንም እንደዚሁ ጠይቂያቸው። ቅዳሜና እሑድ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው በበዓለ ኀምሳም አይሰገድም። እኔ ሳላውቅ ፋሲካ ማግሥት ስሰግድ እናቴ አይታኝ «ምነው ልጄ፣ ጌታ ተነሥቶ የለ?» አለችኝ።

ሰዓቱን በተመለከተ። እኛ ጋ የታደልነው ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሐዋርያት ሥራ ላይ ጴጥሮስና ዮሐንስ በዘጠኝ ሰዓት በጸሎት ጊዜ ወደ መቅደስ ወጡ ይላል። ጴጥሮስ ሰገነት ላይ የጸለየው በስድስት ሰዓት ነው። መንፈስ ቅዱስ የወረደ ዕለት ከቀኑ ሦስት ሰዓት ነበር። እኛ ይህን ለመረዳት ሰዓት መቀየር አያስፈልገንም፣ ክንዳችን ላይ ያለው ሰዓት ያው ነው። ቢሮ ተቀምጠሽ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነው። እኔ ያን ሰዓት ላይ ምንም «ጸሎት» የሚባል ነገር አላደርግም። ማኪያቶዬን ይዤ ወደ መስኮቱ እሄድና በሆዴ «ጌታ ሆይ በመንግሥትህ አስበኝ» እላለሁ። ሰላሳ ሰከንድ ነው። ግን ከሰዓት በኋላው ለሁለት ይከፈልልኛል። ከምሳ እስከ መውጫ ያለው ያ ረጅም ሰዓት፣ ከአለቃ ጋር ጭቅጭቁ፣ ስልኩ፣ መሐሉ ላይ መተንፈሻ ያገኛል።

ጠዋት ግን ከስልክ በፊት ነው። ስልክሽን ከነካሽ አለቀ። እኔ ስልኬን ማታ ወጥ ቤት ቻርጅ ላይ አስቀምጬ የሰባት መቶ ብር የጠረጴዛ ሰዓት ገዛሁ፣ ባለቤቴ «ወደ ደርግ ዘመን ተመለስን» ብሎ ሳቀብኝ።

የሐሳብ መበተን። ይሄ የሁሉም ነው። እኔ አቡነ ዘበሰማያት ብዬ ሳልጨርስ የቫት ማሳወቂያው ቀን፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የማድጋው ውኃ ሁሉም ይመጣል። ሁለት ነገር ጠቀመኝ። አንደኛ ድምፅ አውጥቼ ነው የምጸልየው፣ በሹክሹክታም ቢሆን። በሆድ ብቻ ሲሆን ሐሳብ ቶሎ ያመልጣል። በግዕዝ የምትይው ከሆነ ደግሞ ትርጉሙን ቢያንስ አንድ ጊዜ በአማርኛ አንብቢው። የሰኞውን ውዳሴ ማርያም ስንት ዓመት «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም» እያልኩ አነበነብኩት። ያዘነውንና ልቡ የተከዘውን አዳም ጌታ ነጻ ሊያወጣው ወደደ ማለት መሆኑን ፍልሰታ ላይ ትርጓሜውን ስሰማ ነው ያወቅኩት። ሰኞ ጠዋት ተክዤ የምነሣ ሰው ነኝ፣ ለእኔ የተጻፈ ነው የመሰለኝ። ሁለተኛው፣ ሐሳቤ ከጠፋ ከጠፋበት ቃል እቀጥላለሁ እንጂ ከመጀመሪያው አልጀምርም። ከመጀመሪያው መጀመር ቅጣት ይሆናል፣ ቅጣት ደግሞ ያሸሻል። የቫቱ ነገር በጣም ካስቸገረኝ አጠገቤ ወረቀት አለ፣ «ቫት» ብዬ ጽፌ እመለሳለሁ። ይሄን ለነፍስ አባቴ አልነገርኳቸውም።

ባዶነት ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ። እኔም እንደዚያ ሆኜ አውቃለሁ። አንድ አለቃ ሰው ፊት ባልሠራሁት ስሕተት አዋረደኝ። ከዚያ ወዲህ አቡነ ዘበሰማያት ላይ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ስደርስ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ሁለት ሳምንት ያህል እዚያ ጋ ፈጠን ብዬ እያለፍኩ ነው የጸለይኩት። ከዚያ ጸሎቱ በሙሉ ደረቀ። እኔ ድርቀቱን በሥራ ብዛት ነበር የማሳብበው። ነገሩ ሲመረመር ግን እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የቆመው። ያንን ቦታ ቀስ ብዬ እንድለው፣ ሰውዬውንም በጸሎት በስሙ እንድጠራው የነፍስ አባቴ ነገሩኝ። የክርስትና ስሙን ከየት ላምጣ፣ በሥራ ስሙ ጠራሁት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከልቤ አልነበረም፣ አሁንም ሰውዬውን አልወደውም፣ ግን ሰላም ስለው ሆዴ አይቆረጥም። አንቺም ያቆምሽበት ሳምንት ምን ሆነሽ እንደነበር እስኪ አስታውሺ። ሥራ መቀየሩ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሌላው፣ እንቅልፍ። እንዲህ ስል መንፈሳዊ አይመስልም። ግን ኤልያስን ተመልከቺው። ከኤልዛቤል ሸሽቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ነፍሴን ውሰድ አለ። መልአኩ ሲመጣ ያመጣለት ተግሣጽ አይደለም፣ እንጎቻና ውኃ ነው። በላ፣ ተኛ፣ እንደገና ቀስቅሶ አበላው፣ ከዚያ በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ወደ ኮሬብ ሄደ። ስለዚህ እስከ ስድስት ሰዓት ድራማ እያየሽ ሌሊት አልነሣ አለኝ አትበዪ። ባዶነቱ ከእንቅልፍና ከምግብ እጦት ጋር ለሳምንታት ከቀጠለ ደግሞ ሐኪም ጋ ሂጂ። ጸበሉም አለ፣ ሐኪሙም አለ፣ አንዱ አንዱን አይከለክልም።

ብዙ እኅቶች በወር አበባቸው ጊዜ ጸሎት ጭምር ያቆማሉ። ቤተ መቅደስ አለመግባቱ ሌላ ነው፣ ቤት ውስጥ መጸለይ ግን የከለከለ የለም። በየወሩ ሳምንት የሚቋረጥ ነገር ልማድ ሆኖ አይጸናም። እኔን ያስቆመኝ አንዱ ይህ ነበር፣ የነገረኝ ሰው ስለሌለ።

40ው ቀን ሲያልቅ ዳዊት ተጨመረልኝ። የሰኞ ድርሻ ከ1 እስከ 30 እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ያ ለእኔ አይሆንም። በቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር ብቻ፣ ሰርቪስ ላይ ቁጭ ብዬ። በአማርኛ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጅብኛል። 15ቱ ንጉሥ በሥራ ቀን ብቻ ሲነበብ በሦስት ሳምንት ያልቃል፣ ከዚያ እንደገና። አጠገቤ የምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ፕሮቴስታንት ናት፣ እሷም የራሷን የጽሞና ጊዜ እዚያው ታደርጋለች። ቃሊቲ እስክንደርስ አናወራም።

ሰው ሲጸልይ «ኃይል ታደሰ» የሚባለው ምን እንደሚመስል ብትጠይቂኝ ዕንባ ወይም ብርሃን አልነበረም። ሰኔ መጣ። ሒሳብ መዝጊያ ነው፣ ሰኔ 30 እስኪያልፍ ማታ ሦስት ሰዓት ነው የምንወጣው፣ የሰኔ ጾምም እዚያው ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሰኔን ልጆቼ ላይ እየጮኽኩ ነው የጨረስኩት። ያን ዓመት ትልቋ ልጄ «እማዬ ዘንድሮ ሰኔ አልመጣም እንዴ?» አለችኝ።

የቀረሽ ጥያቄ፣ ጸሎት በስልክ ማዳመጥ ይቆጠራል ወይ ላልሽው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ውዳሴ ማርያምን በቃሏ የያዘችው ቤተ ክርስቲያን ቆማ ካህናቱ ሲሉት እየሰማች ነው፣ ዛሬ ምስር እየለቀመች ትወርደዋለች። ስለዚህ መስማት ይቆጠራል፣ ግን እሷ እየሰማች አፏ ይንቀሳቀስ ነበር። እኔ ትራፊክ ውስጥ ስከፍተው ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ ሬዲዮ ይሆንብኛል። አብረሽ እያልሽው ከሆነ ክፈቺው። ካልሆነ ዝጊውና አቡነ ዘበሰማያቷን ራስሽ በያት።