አሮጌውን ኮሞዶር 64 ከመሰካትህ በፊት

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አጎቴ ከአሜሪካ ጓዙን ጠቅልሎ ሲገባ በወጣትነቱ ይጠቀምበት የነበረውን ኮሞዶር 64 ኮምፒውተር ይዞልኝ መጣ። ከባዱ ጥቁር የመብራት ሳጥኑም አብሮት አለ። ፈርቼ እስካሁን አልሰካሁትም። እንዴት ልሞክረው? አማርኛ እንዲያሳይ ማድረግስ ይቻላል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እንኳንም አልሰካኸው! የአሜሪካው ሳጥን የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የኛ መብራት 220 ነው።

መቀነሻ ትራንስፎርመር ገዝቼ ልሞክረው እንዳትል። እኔ ብሆን ያንን ሳጥን ወደ ማሽኑ አላስጠጋውም። ሳጥኑ ለኮምፒውተሩ 5 ቮልት ዲሲ እና 9 ቮልት ኤሲ ይሰጣል። 5ቱን የሚቆጣጠረው ክፍል በአብዛኞቹ ሳጥኖች ውስጥ በደረቅ ሙጫ ተቀብሯል፤ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ሲያረጅ ቮልቴጁን መያዝ ያቅተዋል፣ 5 የነበረው ሽቅብ ይወጣል። ያኔ የሜሞሪ ቺፖቹ ይቃጠላሉ። ስንቱ ደህና ማሽን በዚህ ሳጥን ምክንያት ሞቷል!

ለኮሞዶር 64 ተብሎ በ220 የሚሠራ አዲስ ፓወር ሳፕላይ በኢንተርኔት ይሸጣል። የስልክ ቻርጀር አይተካውም፣ 9 ቮልት ኤሲው የለውምና። አዲሱንም ቢሆን በቴስተር ሳትለካ አትሰካ። በመሰኪያው 2ኛና 5ኛ እግሮች መካከል 5 ቮልት ታገኛለህ፤ ከ5.2 ካለፈ ለሻጩ መልሰው። በ6ኛና 7ኛ መካከል ደግሞ 9 ኤሲ አለ።

ከዚያ በኮምፒውተሩ ሆድ በኩል ያሉትን 3 ብሎኖች በካቻቢቴ ፍታ። ክዳኑን ቀስ ብለህ አንሳ፣ የኪቦርዱ ገመድ ተያይዟል። ትንሿን የመስታወት ፊውዝ ለካ። ይህቺ ከተቃጠለች ቀይ መብራቱ ይበራል፣ በብዙዎቹ ማሽኖች ግን ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል፤ ብዙ ሰው ማሽኑ ሞቷል ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

ከቴሌቪዥኑ ጋር በኤቪ ገመድ አገናኘው። የአንቴናው መውጫ ለአሜሪካ ቻናሎች የተሠራ ስለሆነ አትልፋበት። ሲበራ ሰማያዊ ስክሪን ላይ 38911 የሚል ቁጥር ካየህ እልል በል! ለቤዚክ (የማሽኑ የፕሮግራም ቋንቋ) ነፃ የሆነው ሜሞሪ ነው። ቁጥሩ ካነሰ ከሜሞሪ ቺፖቹ አንዱን ጠርጥር። ፊውዟ ደህና ሆና ስክሪኑ ከጨለመ ደግሞ ከደቂቃ በኋላ የሜሞሪ ቺፖቹን በጣትህ ጫፍ ነካ ነካ አድርግ። ከጓደኞቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ካለ ችግሩ እሱ ጋ ነው።

የድምፅ ቺፑን አደራ። 6581 በ12 ቮልት ይሠራል፣ በኋላ የመጣው 8580 በ9። አንዱን በሌላው ቦታ ዝም ብለህ እንዳትተካ።

አማርኛው ይቻላል፤ ይህን ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል። ማሽኑ በአንዴ 256 ምልክቶች ይይዛል፣ እያንዳንዱ 8 በ8 ነጥብ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ናቸው። ለቁጥርና ለሥርዓተ ነጥብ 25 ይተርፍሃል። እነ ሏ እና ቧ ግን ቦታ አያገኙም።

ስኩዌር ወረቀት ላይ ጀምር። ሐን በ7 ነጥብ ወርድ ብትስላት ሦስቱ እግሮቿ ዘና ብለው ያምራሉ። ሑ ላይ ስትደርስ ግን ለቅጥያዋ ቦታ ታጣለህ፣ ከጎረቤቷ ፊደል ጋር ትጣበቃለች። ስለዚህ ባለ ሦስት እግሮቹን ሁሉ ከመጀመሪያው በ5 ነጥብ ጨርሳቸው።

ስለህ ስትጨርስ የእያንዳንዱን ፊደል 8 የነጥብ መስመሮች ወደ 8 ቁጥሮች ቀይር። ቁጥሮቹን ከሜሞሪ አድራሻ 12288 ጀምረህ በፖክ (ቁጥርን ሜሞሪ ውስጥ የሚያስቀምጥ የቤዚክ ትእዛዝ ነው) አስገባና POKE 53272,28 በል። ስክሪኑ በአንዴ ወደ ፊደላችን ይገለበጣል። ከርሰሩ ብልጭ ባለ ቁጥር ሌላ ፊደል ቢያሳይህ አትደንግጥ። ከርሰሩ የሚበራው በምልክቱ ቁጥር ላይ 128 እየደመረ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ አሁን ሌላ ፊደል ተቀምጧል። በኪቦርዱ ለመጻፍ አነስተኛ ፕሮግራም ያስፈልግሃል፣ እሱን በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

የኮምፒውተሩን ሽፋን አትብሳ፣ ቦርዱንም አትቁረጥ። ፊደሎቹ ማሽኑ ሲጠፋ አብረው ስለሚጠፉ፣ ከኋላ በዲስክ መሰኪያው የሚገባ የሜሞሪ ካርድ ማንበቢያ ግዛና እዚያ ሴቭ አድርጋቸው።