ከሐይቁ በኩል ስትገባ ለምን ዝቅ ትላለህ

ሐዋሳ ላይ አውሮፕላን ለማሳረፍ በዓይን እያየሁ ስጠጋ ሁሌ ከትክክለኛው የመውረጃ መስመር በታች እገኛለሁ ላልከው፣ ዓይንህን ብቻ አትመን፣ ቁጥር ያዝ።

መንደርደሪያው ጋ ልትደርስ 3 ኖቲካል ማይል ሲቀር ከአውሮፕላን ሜዳው በላይ 900 ጫማ ገደማ፣ 2 ሲቀር 600 መሆን አለብህ። ከመሬት አንጻር የምትጓዝበትን ፍጥነት በ5 አባዛው፤ 120 ኖት (ኖቲካል ማይል በሰዓት) ከሆነ በደቂቃ 600 ጫማ ትወርዳለህ። ከተማዋ ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ስለዚህ የከፍታ መለኪያህ ከባህር ወለል የሚቆጥር ከሆነ የሜዳውን ከፍታ ቀድመህ ደምር።

ውሃ ላይ ዓይን የሚለካበት ዛፍም ቤትም የለም። ከፍ ያልክ ይመስልሃል፣ ሳይታወቅህ አፍንጫውን ትደፋለህ፣ ማታ ደግሞ ይብሳል። እኔ ሌላ ሜዳ ላይ አንድ ማለዳ ውሃው መስታወት መስሎ ሸወደኝና ቀና ስል ከመንደርደሪያው ጎን ያሉት፣ የመውረጃ መስመሩን የሚያሳዩት አራቱም መብራቶች ቀይ ሆነው ጠበቁኝ፤ በጣም ዝቅ ብለሃል ማለት ነው። አራት ቀይ ካየህ ለማስተካከል አትታገል፤ ኃይል ጨምረህ ውጣና እንደገና ዙር።