ከገንዳው ዳር የመጡ ጥያቄዎች

በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከወጣት ዋናተኞች ወላጆች ናቸው። አንዱ ብቻ ከራሷ ከዋናተኛዋ የመጣ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ እሱን ወድጄዋለሁ።

«የ12 ዓመት ልጄ አምና እኩዮቹን ሁሉ ይቀድም ነበር። ዘንድሮ ከኋላው የነበሩት እያለፉት ነው። ‹እኔ ዋና አልችልም› ብሎ ሊያቋርጥ ነው።»

በመጀመሪያ የልጆቹን ቁመት ይመልከቱ። በዚህ ዕድሜ አንዱ ልጅ በጥቂት ወራት ሽቅብ ሲመዘዝ፣ ሌላው ለዚያ ገና ሁለት ዓመት ሊቀረው ይችላል። ውሃ ውስጥ ደግሞ ረጅም ክንድና ሰፊ መዳፍ ትልቅ ሀብት ነው። ምናልባት ልጅዎ አምና ያሸነፈው ቀድሞ ስላደገ፣ ዘንድሮ የተቀደመውም ሌሎቹ ስለደረሱበት ይሆናል። ይህን ሳያለባብሱ ይንገሩት፤ ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ከምንገምተው በላይ ይረዳሉ።

ከዚያ ቁመት የማይጠይቁትን ነገሮች ይቁጠር። ግድግዳውን ረግጦ ሲዞር ስንት ሜትር ከውሃ በታች ይጓዛል? 50 ሜትሩን በስንት ቀዘፋ ይጨርሳል? ሰዓቱ ሳይለወጥ ቀዘፋው ከ48 ወደ 44 ከወረደ፣ ውጤት ሰሌዳው ላይ ባይታይም ልጁ ተሻሽሏል። እነዚህን ቁጥሮች በገዛ እጁ በደብተር ይጻፋቸው እንጂ እርስዎ አይጻፉለት። በኦሎምፒክ ታሪክ ብዙ ወርቅ ያገኘው አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስም እኮ በ15 ዓመቱ በሲድኒ ኦሎምፒክ የተሳተፈበትን ብቸኛ ውድድር 5ኛ ሆኖ ጨርሶ ያለ ሜዳሊያ ነው የተመለሰው።

«የቡድን ጓደኛዬ ሁልጊዜ በትንሹ ትቀድመኛለች። አንዳንዴ ብትታመም ብዬ እመኛለሁ። ክፉ ነኝ? (የ14 ዓመት ዋናተኛ)»

አይደለሽም፤ ብዙዎች በልባቸው ይዘው የሚዞሩትን ጻፍሽው እንጂ። ግን አስቢው፤ እሷ ብትታመም ደረጃሽ ከፍ ይላል፣ ሰዓትሽ ግን እዚያው ነው። በልምምድ ጊዜ ከጎኗ ባለው መስመር እንዲያሰልፍሽ አሰልጣኝሽን ጠይቂ። የሲንጋፖሩ ጆሴፍ ስኩሊንግ በ2008 የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ከፌልፕስ ጎን ቆሞ ፎቶ የተነሣ አድናቂ ነበር። በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ በ100 ሜትር የቢራቢሮ ዋና (ሁለቱ ክንዶች አንድ ላይ በሚወረወሩበት) ያንኑ ሰው ቀድሞ ወርቁን ወሰደ።

«ልጄ ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ሆዷን ያማታል።»

ውድድር በሌለበት ቀንም የሚያማት ከሆነ ሐኪም ይያት። ካልሆነ ግን ሰውነቷ እየተዘጋጀ መሆኑን ይንገሯት፤ «አትፍሪ» ማለት ፍርሃትን አባሮ አያውቅም። የሚረዳት አንድ የምትይዘው ሥራ ነው፤ ለምሳሌ ከመነሻው በኋላ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀዘፋዎች ብቻ ታስብ። ችግርንም አስቀድሞ መለማመድ ይቻላል። በ2008 በቤጂንግ የ200 ሜትር ቢራቢሮ ፍጻሜ የፌልፕስ መነጽር ውሃ ሞልቶ ምንም አይታየውም ነበር። ቀዘፋውን እየቆጠረ ግድግዳውን አገኘ፤ በ1 ደቂቃ ከ52.03 ሰከንድም የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። አሰልጣኙ ቦብ ባውማን ከዓመታት በፊት ሆን ብሎ መነጽሩን ረግጦ ሰብሮበት ነበር። (የልጅዎን መነጽር ይስበሩ ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ቀን ያለ መነጽር ትለማመድ።)

«ተሸንፎ ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ምን ልበለው?»

«ርቦሃል?» ይበሉት። ስለ ውድድሩ ራሱ ካላነሣ እርስዎ አያንሡ።

«ልጄ አንደኛ ወጥታ ሳለ ግድግዳውን በአንድ እጅ ነክታለች ተብሎ ውጤቷ ተሰረዘ። የዳኛው እንዲህ ዓይነት ጭካኔ ለሕፃን ይገባል?»

ውድድሩ የደረት ዋና እንደነበር ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ። በደረትና በቢራቢሮ ዋና ሁለቱም እጆች ግድግዳውን በአንድ ጊዜ መንካት አለባቸው፤ ሕጉ ለሕፃንም ለኦሎምፒክ ዋናተኛም አንድ ነው። በልጅቷ ፊት ዳኛውን ሲያሙ ቀጣዩን ስህተቷን ለማን እንደምትሰጥ እያስተማሯት ነው። በሚቀጥለው ልምምድ 20 ጊዜ በሁለት እጅ ትንካ፤ እርስዎም ከዳር ሆነው ይቁጠሩላት።