መልስ፦ ሁለት ባለሀብቶች ተመካክረው ተመሳሳይ ዋጋ ቢያቀርቡልኝ ሕገወጥ ነው?

ሁለት ባለሀብቶች ለየብቻ መጥተው ለድሬዳዋው ስታርትአፕዎ አንድ ዓይነት የኩባንያ ግምት (ኩባንያው ያወጣል የሚሉትን ዋጋ) ማቅረባቸው ብቻውን መመሳጠርን አያረጋግጥም፤ የወቅቱ የገበያ ዋጋ ሊሆን ይችላልና። እርስዎ እያወቁት ተጣምረው በአንድ ውል ቢገቡም ነውር የለውም። ተፎካካሪ መስለው እየቀረቡ «ከዚህ በላይ አንከፍልም» ብለው በስውር ከተስማሙ ግን፣ ቀፊራ ገበያ ላይ ገዢዎች ተጠቃቅሰው ዋጋ እንደሚሰብሩት ዓይነት ነው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚከለክለውም በተፎካካሪዎች መካከል የመሸጫ ዋጋን ብቻ ሳይሆን የመግዣ ዋጋንና ሌሎች የንግድ ሁኔታዎችን በስምምነት መወሰንን ጭምር ነው። አስቸጋሪው ማስረጃው ነው (እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ አይጻፍም)። ስለዚህ ሁለቱን የውል ረቂቆች ጎን ለጎን አስቀምጠው ያልተለመደ ሐረግ፣ ምናልባትም አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት፣ ተደግሞ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ተነጋግረው እንደሆነም ለየብቻ በጽሑፍ ይጠይቋቸው።