የማኅበረሰብ ጤና ዳሰሳ መጠይቅ፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጤና መኮንን ተማሪ ነኝ። ርዕሴ «በወረዳችን ያሉ የጤና ችግሮች» የሚል ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ርዕሱ ሰፍቶብሃል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂድና የሕሙማን መዝገቡን አገላብጥ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ጋር ቁጭ ብለህ አውራ፤ መንደሩን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ተቅማጥ በዝቶ ካገኘኸው ጥያቄህን እንዲህ አጥብበው፦ «በቀበሌው ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንቶቹን ተቅማጥ ያዛቸው? ከመጠጥ ውኃቸውና ከሽንት ቤት አጠቃቀማቸው ጋርስ ይገናኛል ወይ?»

ከዚያ መጠይቁ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ጥያቄ «መልሱን ሳገኝ ምን አደርግበታለሁ?» እያልክ ፈትሽ። ምንም የማታደርግበት ከሆነ ሰርዘው። አጨዳ ያለባትን እናት ለማይጠቅም ጥያቄ አንድ ሰዓት ማቆም ነውር ነው።

ጥያቄ፦ ለምን ሁለት ሳምንት ብቻ? ስድስት ወር ብንል ብዙ መረጃ አናገኝም?

መልስ፦ የምታገኙት ግምት ነው። የልጅ ተቅማጥ ቶሎ ይረሳል። አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳም የሚጠይቀው ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ነው። እናትየው የልጁን የልደት ቀን ካላስታወሰች ግን በዓል ይረዳችኋል። «ከጥምቀት በፊት ነው የተወለደው ወይስ በኋላ?» ብላችሁ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ «ሽንት ቤት ትጠቀማላችሁ?» ስንል ሁሉም «አዎ» ይለናል።

መልስ፦ ምን ይበል? ጠያቂው ጋዋን ለብሶ፣ የቀበሌ ሰው አስከትሎ መጥቷል! «ትናንት ልጁ የት ተጸዳዳ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ አስፈቅዳችሁ ሽንት ቤቱን እዩት። መንገዱ ሣር ከበቀለበት፣ በሩ ላይ የሸረሪት ድር ካደራ፣ ሰው አይገባበትም ማለት ነው። አጠገቡ ውኃና ሳሙና ወይም አመድ መኖሩንም መዝግቡ። የዚያው ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደግሞ መረጃ ሰብሳቢ አትሁን። የራሷ ሥራ ስለሚጠየቅ ሰዉ ለእሷ ብሎ ያሳምረዋል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ተማሪ ለናሙናው 423 ሰው ይላል። ከየት የመጣ ነው?

መልስ፦ የችግሩ ስፋት ካልታወቀ 50 በመቶ ተብሎ ይወሰዳል። በ95 በመቶ የመተማመን ደረጃና በ5 በመቶ የስህተት ወሰን (ግምታችሁ ከእውነተኛው ቁጥር ወደላይም ወደታችም ሊርቅ በሚችልበት መጠን) ሲሰላ ወደ 385 ይመጣል። መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ስትጨምሩ 423 ገደማ ይሆናል። መጀመሪያ ጥቂት ጎጦችን መርጣችሁ ሰዎቹን ከእነሱ ውስጥ የምታወጡ ከሆነ ግን አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ይባዛል። ቁጥሩን ከሰው መመረቂያ ጽሑፍ አትገልብጡ።

ጥያቄ፦ ወረቀት ይሻላል ስልክ?

መልስ፦ ስልክ። ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ያለ ኔትወርክም ይመዘግባል። ፓወር ባንክ አትርሱ።

ጥያቄ፦ የመጠይቁ ቅድመ ሙከራ የግድ ነው?

መልስ፦ አዎ፤ ያውም ከናሙናው ውጪ ባለ ቀበሌ። ሰዉ «እንዴት ማለትሽ ነው?» ብሎ መልሶ የጠየቀበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉና አስተካክሉት።

ጥያቄ፦ ቤት ለቤት ስንዞር በጠና የታመመ ሕፃን ብናገኝስ?

መልስ፦ መጠይቁን እዚያው አቁሙ። እናትየውን ይዛችሁ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። የቀረውን ጥያቄ ልጁ ሲሻለው ትጠይቃላችሁ።