መልስ፦ ኮር አይ 7 4ኛ ጀነሬሽን ወይስ ኮር አይ 5 8ኛ?

ለቢሮ ሥራና ለመጠነኛ ፎቶሾፕ በእነዚህ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከሚሠሩት ሁለት ያገለገሉ ዴስክቶፖች የቱ ይሻላል ላልከው፣ ሳታመነታ 8ኛ ጀነሬሽኑን (ትውልዱን) ውሰድ። «አይ 7» የሚለው ስም አያታልልህ፤ አይ 7-4770 ያለው 4 ኮር (የማስላት ክፍል) ነው፣ አይ 5-8500 ግን 6። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከ8ኛው ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ራሙ 16 ጂቢ ይሁን፣ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8። የተለየ ግራፊክስ ካርድ ስለሌለህ ምስሉን የሚያወጣው ፕሮሰሰሩ ከራሙ ላይ እየተበደረ ነው፤ ጥንድ ሲሆን ፍጥነቱ ይጨምራል። ዊንዶውስና ፎቶሾፕ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ማከማቻ) ላይ ይጫኑ (512 ጂቢ ይበቃል)፣ ፋይል ማከማቻው ተራ ሃርድ ዲስክ ቢሆን ግድ የለም።

ቀጭኗን ኬዝ ከመረጥክ ወደፊት የምትገባላት ቁመቷ ያጠረ (ሎው ፕሮፋይል) ግራፊክስ ካርድ ብቻ ናት። የዴልና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይም ብዙ ጊዜ ሶኬቱ የራሱ ነው፤ ሲቃጠል ከገበያ ያገኘኸው ሁሉ አይገጥምም። ስለዚህ መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ከበጀቱ አትቀንስ። ሌዘር ፕሪንተር ግን አትሰካበት፣ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከአቅሙ በላይ ነው።

ከመክፈልህ በፊት ባዮሱን (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተውን የማሽኑን ቅንብር) ክፈት፤ ማሽኑ ሲበራ የሚጫነው ቁልፍ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10። የይለፍ ቃል ከጠየቀ የቀድሞው መሥሪያ ቤት ቆልፎታል ማለት ነው። ሻጩ እዚያው ካልከፈተልህ ተወው።