ስለ ክዊን ሜሪ 2 ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ስለዚህች መርከብ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ መርከብ ስለምወድ የምችለውን ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ከሌሎቹ የሽርሽር መርከቦች በምን ትለያለች? ሁሉም ተንሳፋፊ ሆቴል አይደሉ እንዴ?

መልስ፦ እሷስ አይደለችም። የሽርሽር መርከብ ባሕሩ ሲከፋባት ወደ ሌላ ወደብ ዞር ትላለች፤ ጉዞው ለመዝናናት ነዋ! ክዊን ሜሪ 2 ግን እንግሊዝ ካለው ከሳውዝሃምፕተን ወደብ የተሳፈረውን ሰው ኒውዮርክ ማድረስ አለባት፤ መሀል ላይ ደግሞ ሰሜን አትላንቲክ አለ። ስለዚህ ነዳፊዋ ስቲቨን ፔይን ፊቷን ረዥምና ሹል፣ አካሏን ጠንካራ አድርጎ ሠራት። ተመጣጣኝ ስፋት ካላት የሽርሽር መርከብ 40 በመቶ ያህል የበለጠ ብረት ገብቶባታል። ርዝመቷ 345 ሜትር ነው።

ጥያቄ፦ የነፍስ አድን ጀልባዎቿ ለምን ያን ያህል ከፍ ብለው ተሰቀሉ?

መልስ፦ በዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ደንብ ከውሃው በላይ 15 ሜትር ገደማ ላይ መሆን ነበረባቸው። የአትላንቲክ ማዕበል እዚያ ድረስ ወጥቶ እንዳይመታቸው ግን ወደ 25 ሜትር ከፍ አሉ። ለዚህም ልዩ ፈቃድ ተጠይቆ ተገኝቷል።

ጥያቄ፦ የጭስ ማውጫዋስ ምነው አጠረ?

መልስ፦ ኒውዮርክ መግቢያ ላይ የቬራዛኖ ድልድይ አለ። ከዚያ በላይ ብትረዝም በሥሩ አታልፍም ነበር።

ጥያቄ፦ መሪ የላትም ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ እንዴት ትታጠፋለች?

መልስ፦ እውነት ነው፣ የለመድነው ዓይነት መሪ፣ ማለትም ከኋላ ውሃ ውስጥ ሆኖ መርከብ የሚያጥፈው ሰሌዳ፣ የላትም። ከሆዷ ሥር በኋላ በኩል አራት ፖዶች ተንጠልጥለዋል። ፖድ ማለት የኤሌክትሪክ ሞተርና ፕሮፔለር (እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው) አንድ ላይ የያዘ እቃ ነው። ሁለቱ አይንቀሳቀሱም፤ ሁለቱ ዙሪያቸውን ስለሚዞሩ መርከቧን የሚያጥፏት እነሱ ናቸው። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከአራት የናፍጣ ሞተሮችና ከሁለት የጋዝ ተርባይኖች ነው። ተርባይኖቹ ብዙ አየር ስለሚፈልጉ ላይ፣ ከጭስ ማውጫው ሥር ተቀመጡ። ፍጥነቷ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ተሠርታ ሳታልቅ ሰው ሞቶባታል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ያሳዝናል። ፈረንሳይ ውስጥ ሴን ናዜር ነው የተሠራችው። ኅዳር 2003 ሥራው ሊያልቅ ሲል ሠራተኞቹ ቤተሰባቸውን ጋብዘው ሊያሳዩዋት መጡ። ከመሬት ወደ መርከቧ የሚያስገባው መሸጋገሪያ ከነሰዎቹ ተደረመሰ። 16 ሰዎች ሞቱ። የለፉባትን መርከብ ለወገናቸው ሊያሳዩ የመጡ ሰዎች ነበሩ። በጥር 2004 ንግሥት ኤልሳቤጥ ስም ስታወጣላት ሁሉም ድምቀቱን አየ። እኔ ግን ስለዚህች መርከብ ሲወራ መጀመሪያ ትዝ የሚሉኝ እነዚያ ቤተሰቦች ናቸው።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላስ ችግር ገጥሟት ያውቃል?

መልስ፦ ገጥሟታል። ጥር 2006 አሜሪካ ካለው ከፎርት ሎደርዴል ወደብ ስትወጣ አንዱ ፖድ ከመርከብ መተላለፊያው ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ተጎዳ። በቀሩት ሦስት ፖዶች ቀስ ብላ ስትጓዝ በርካታ ወደቦች ተዘለሉ፤ ተሳፋሪውም አምርሮ ተቃወመ። በመጨረሻ ገንዘባቸው ተመለሰላቸው። በ2010 ደግሞ ባርሴሎና አቅራቢያ የኤሌክትሪክ ክፍሏ ውስጥ ፍንዳታ ደርሶ ለጥቂት ጊዜ ያለ ኃይል ባሕር ላይ ቆማለች። ሰው አልተጎዳም።

ጥያቄ፦ ዛሬም ትሠራለች? ውሻዬን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ ትሠራለች፤ አትላንቲክን ማቋረጡ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ሌሊት ይፈጃል። በ2016 ሃምቡርግ ላይ ስትታደስ ብቻቸውን ለሚጓዙ ሰዎች 15 ክፍሎች ተጨመሩላት፤ የውሾቹም ማደሪያ ቁጥር ከፍ አለ። ቦታው ቶሎ ስለሚያዝ ቀደም ብለሽ አስመዝግቢ። ውሾቹ በሚንሸራሸሩበት ደርብ ላይ የእንግሊዝ የመንገድ መብራትና የኒውዮርክ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ቆመውላቸዋል። የሁለቱም አገር ውሻ የለመደውን እንዲያገኝ ነው።